ሁለት ሞጁል በአንድ በር

ቅዳሜና እሁድ አምቦ ላይ መብራት አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ለንሳ ቢሮዋን ስትከፍት ግን መብራቱ መጥቷል፤ ሰርቨሩም በራሱ ተነስቶ ማራገቢያው ያጓራል። ተመስገን ብላ ውሃ የሚንጠባጠበውን ጃንጥላዋን ጥግ አቆመች። ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ስልኩ ጮኸ።

«ለንሳ፣ አካም ቡልቴ፣ ደህና አደርሽ? ኢሜይሉ ምን ሆነ?» አለች የባኮ ቅርንጫፍ ጸሐፊዋ ደብሪቱ። «ከገባሁ ጀምሮ እልካለሁ፣ አንዱም አልደረሰም ይሉኛል። ወደ እኔም የሚመጣ የለም።»

«ትንሽ ታገሺኝ እስቲ፣ አሁን መግባቴ ነው።»

ስልኩን ከማስቀመጧ ከጎጆ ቅርንጫፍ ተደወለ፤ እዚያም ያው ነው።

ለንሳ የምትሠራበት የገበሬዎች ዩኒየን ዋና መሥሪያ ቤቱ አምቦ ሲሆን በጎጆ፣ በሸነንና በባኮ ቅርንጫፎች ነበሩት። ከገበሬው ገብስና በቆሎ ይሰበስባል፣ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላል። ጊዜው የሁለት ሺህ አራት ክረምት ነው። በየቅርንጫፉ አንዳንድ ኮምፒውተር ገብቶ ነበርና፣ መኪናው ሁሉ ጭቃ ይዞት በሚቀርበት በዚያ ወር ደብዳቤ የሚያደርሰው ኢሜይሉ ብቻ ነበር። ያን ሁሉ የሚያመላልሰው ደግሞ ለንሳ ክፍል ውስጥ ያለው ይህ አንድ ሰርቨር ነው።

ሰርቨሩን የተከሉት ኦቦ ሆርዶፋ፣ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ማሽኑን አንድ ለጋሽ ድርጅት ሰጠ፤ እሳቸው ሊኑክስ የሚሉትን ሥርዓት ጫኑበት። ለንሳ ከቴክኒክ ኮሌጅ ወጥታ ለተለማማጅነት ስትመጣ ከአጠገባቸው አስቀምጠው፣ ያቺን ጥቁር ስክሪን እንዴት እንደሚያነጋግሯት ከሀ ጀምረው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ስትሳሳት አይቆጡም። «ኢንተላ ኮ፣» ይሏታል፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ሎጉን አንብቢ። ማሽን አይዋሽም፤ የሚዋሸው የቸኮለ ሰው ነው።» ተለማማጅነቷ ሲያልቅ ቋሚ ሆና እንድትቀር አለቃ ደጅ የጠኑላትም እሳቸው ናቸው።

ያን ሰኞ ኦቦ ሆርዶፋ ጉልበታቸውን አሟቸው ጤና ጣቢያ ሄደው አርፍደዋል። ለንሳ ብቻዋን ተቀመጠች።

ሎጉን፣ ማሽኑ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፈተች። ወደ ሰርቨሩ የሚገባ መልእክት በቀጥታ ሰው ሳጥን ውስጥ አይወድቅም። መጀመሪያ አንዱ ሞጁል፣ ማለት አንድ ሥራ ብቻ የያዘ ትንሽ ፕሮግራም፣ ተቀብሎ ቫይረስ ይፈትሽለታል፤ ከዚያ ሌላው፣ ማጣሪያ የሚሉት፣ የአጭበርባሪውንና የአሻሻጩን መልእክት ይለያል፤ ያለፈው ብቻ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ሞጁሎቹ መልእክቱን የሚቀባበሉት በቁጥር በተለዩ በሮች ነው፤ ፖርት ይሏቸዋል። በአንድ በር ላይ አንድ ሞጁል ብቻ ነው መቆም የሚችለው። አሁን ማጣሪያው ተነስቶ ሊቆም ሲል በሩ ተይዟል ይለዋል፤ ተመልሶ ይወድቃል፤ እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ይወድቃል። መልእክቱ ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ ቆሟል።

አርብ ዕለት የቫይረስ መፈተሻውን ወደ አዲሱ እትም ከፍ አድርጋው ነበር። የእኔ ጥፋት ነው ብላ ደነገጠች። ወደ ድሮው መለሰችው፤ ምንም ለውጥ የለም። ማጣሪያውን አጥፍታ አስነሳችው፤ ያው ነው። ሰርቨሩን ከነአካቴው አጥፍታ አስነሳችው፤ አሁንም ያው። ስልኩ በመካከሉ ሁለቴ ጮኸ፤ አላነሳችም። በመጨረሻ ማድረግ ያለባትን፣ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረባትን አደረገች፤ በሩን የያዘው ማን ነው ብላ ማሽኑን ጠየቀችው።

የማታውቀው ስም መጣ።

ስሙ ሲያዩት የሥርዓቱ የራሱ አካል ይመስላል፤ ማንም አልፎት ይሄዳል። ለንሳ ግን እያንዳንዱን ሞጁል በስሙ ታውቀዋለች። ፋይሉን ፈልጋ አገኘችው። የተጫነው በግንቦት ነው። ያኔ ማሽኑ ሳይጠፋ ስለተጫነ፣ ማጣሪያው ቀድሞ የያዘው በር ላይ እንደቆመ ቀርቶ እንግዳው በጊዜያዊ በር ይሠራ ነበር። መብራት ባትሪው እስኪያልቅ ጠፍቶ ሲመጣ ግን እንግዳው ቀድሞ ተነሳና የማጣሪያውን በር ያዘ። ነገሩ ይኸው ነበር። ማንም ተንኮል አላሰበበትም፤ ሁለት ሞጁል ለአንድ በር ተሻሙ።

ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የሞጁሉን ትእዛዝ ከፍታ አነበበች። አጭር ነው። ከየትኛውም ቅርንጫፍ የሚወጣውን፣ ወደ የትኛውም ቅርንጫፍ የሚገባውን መልእክት ሁሉ፣ ላኪውም ተቀባዩም ሳያውቅ፣ አንድ አንድ ቅጂ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ጉርሙ የግል ሳጥን ይልካል።

በትእዛዙ አናት ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ በእኛ አቆጣጠር። በዚያ ቢሮ ውስጥ ፋይል አናት ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ፈረንጁ ሲያየው ግራ ይግባው» ብለው ይስቁ ነበር ኦቦ ሆርዶፋ።

ለንሳ እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ደብሪቱ ስለ እጮኛዋ ስትጽፍላት መልሳላት ታውቃለች። ስለ አቶ ጉርሙ አረማመድም ጽፋላት ታውቃለች፤ ሁለቱም በየጠረጴዛቸው ተንከትክተው ስቀው ነበር። ያም ሁሉ አቶ ጉርሙ ዘንድ ደርሶ ይሆናል።

ከዚያ የቆሙትን መልእክቶች ዘርዝራ ማየት ጀመረች። የሰው ደብዳቤ ከፍታ አታውቅም። ርእስና ላኪ ነው የምታየው፤ ለሥራዋ እሱ ይበቃታል። ከመካከላቸው አንዱ ከሸነን፣ ከሰብል ባለሙያው ከዓብዲሳ ነበር፤ የሚሄደው አዲስ አበባ ወዳለው ወደ ለጋሹ ድርጅት ነው። ርእሱ «ሳይበቅል ስለቀረው የበቆሎ ዘር» ይላል። ያን አንዱን ከፈተችው።

ዓብዲሳ ነገሩን ሳይሸፋፍን ጽፎታል። ዘንድሮ በምርጥ ዘር ስም የተሸጠው በቆሎ ከአሮጌ ክምችት ወጥቶ፣ አምቦ መጋዘን ውስጥ አዲስ ከረጢት ውስጥ የተገለበጠ ነው። ቆላው ላይ የዘሩት ገበሬዎች ማሳቸው ባዶ ሆኖ ቀርቷል። ለአለቆቼ በቃልም በጽሑፍም አመለከትሁ፤ ዝም በል ተባልሁ። እባካችሁ ሰው ላኩና እዩ፣ ይላል።

የለንሳ አባት ባኮ አጠገብ ነው የሚያርሱት። ከዚያው ዘር ገዝተው ዘርተው ነበር። በሰኔ ደውለው «ልጄ፣ መሬቱ አኮረፈኝ መሰለኝ፣» አሏት፤ ሊያስቁ ነበር ያሰቡት። በኋላ ማሳውን ገልብጠው ኑግ ዘሩበት። ለንሳ ዝናቡ ይሆናል ብላ አጽናንታቸው ነበር። ዩኒየኑ ቤቷ ነው፤ ደሞዟን የምትበላበት ነው፤ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ኦቦ ሆርዶፋ እያነከሱ ሲገቡ ለንሳ እንግዳውን ሞጁል አውርዳው ነበር። ኢሜይሉ እንደገና መሄድ ጀምሯል፤ የዓብዲሳ ደብዳቤ ግን ገና ተራውን እየጠበቀ ነው።

«ምን ነበር?» አሉ ካፖርታቸውን እያወለቁ።

«ሁለት ሞጁሎች ለአንድ በር ተጣልተው ነው።»

«እሺ?»

«አንዱን አወረድሁት።»

«የትኛውን?»

«የማላውቀውን።»

ካፖርታቸውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ በሩን ዘጉና ከፊቷ ተቀመጡ፤ የታመመ ጉልበታቸውን ዘርግተው ጥቂት ጊዜ አሻሹት።

«እኔ ነኝ የጫንሁት፣» አሉ።

«አይቻለሁ። ቀኑን ጽፈውበታል።»

«አቶ ጉርሙ አዘዙኝ። ከመሥሪያ ቤቱ ምሥጢር የሚያወጣ አለ አሉ። አይሆንም ብልስ? ሌላ ሰው ከአዲስ አበባ አምጥተው ያስጭናሉ፤ እኔን ደግሞ በዚህ ጉልበቴ ወዲያ ይወረውሩኛል። ጡረታዬ ደርሷል፤ ልጄ ገና ዩኒቨርሲቲ ናት።»

«የእኔንም ሲያነቡ ከርመዋል ማለት ነው።»

«አንቺን አላሰብሁም፣ ኢንተላ ኮ። እውነቴን ነው፤ ስጭነው አንቺ ትዝ አላልሽኝም።»

ይህ ሊያጽናናት የተነገረ ነበር፤ ከሁሉ የመረራት ግን እሱ ሆነ።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣ የዓብዲሳን ደብዳቤ አይተዋል?»

«የማንንም ደብዳቤ አላይም። ቧንቧ ነው የዘረጋሁት። የሚፈስበትን እኔ አልጠጣውም።» ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበርና መልሰው አወረዱት። «መልሰሽ ጫኚው። በሩን ለይተሽ፣ ሌላ ቁጥር ሰጥተሽ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ካሁን በፊት ከኔ የበለጠ ሠርተሽዋል። እኔ ዛሬ ዐይኔም እጄም እምቢ ብሎኛል።»

ለንሳ እሺ አለች።

መልሳም ጫነችው። ለእንግዳው የራሱን በር ሰጠችው፤ ከማጣሪያው ኋላ እንዲሰለፍ አደረገች። ሁለቱ ሞጁሎች ከዚያ በኋላ አልተጣሉም፤ መብራት ቢጠፋም ቢመጣም የማይናወጥ ሥራ ነበር። አንድ ነገር ግን ጨመረችበት። ማጣሪያው ላይ አንዲት መስመር ጻፈች፤ ከሸነኑ ዓብዲሳ የሚወጣ መልእክት በእንግዳው በር ሳያልፍ በቀጥታ ይውጣ። ለኦቦ ሆርዶፋ አልነገረቻቸውም። ብነግራቸው ይፈራሉ፣ ባይሰሙ ይሻላቸዋል ብላ ነው። ያን ምሽት ወደ ቤቷ ስትሄድ በሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆማ የደፈረሰውን ውሃ አየች። ደስ ብሏት ነበር። አንድ ሰው የጻፈው ነገር ሊደርስበት ወደፈለገው ቦታ ደረሰ፤ ያደረሰችው እሷ ናት።

ከለጋሹ ድርጅት ሰዎች የመጡት በነሐሴ መጨረሻ ነው። ሁለት ነበሩ። አቶ ጉርሙ አስፋልቱ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። መጋዘኑ ከመምጣታቸው በፊት ተጠርጎ፣ ያረጀው ከረጢት ሁሉ ሌላ ቦታ ተጭኖ ነበር። እንግዶቹ ጥሬ ሥጋና አምቦ ውሃ ቀረበላቸው፤ ሸነንም መንገዱ ተበላሽቷል ተብሎ አልሄዱም። ሪፖርታቸው ዝናቡ ወቅቱን ጠብቆ አለመዝነቡንና በአያያዝ በኩል መጠነኛ ጉድለት መኖሩን ይገልጻል ተባለ። ሲሄዱ የዓብዲሳን ደብዳቤ ታትሞ እንዳለ ለአቶ ጉርሙ ትተውላቸው ሄዱ። «ለግልጽነት ሲባል» አሏቸው አሉ።

አቶ ጉርሙ ደብዳቤውን ሲያነቡት በይዘቱ ብዙም አልተገረሙ ይሆናል። ያስቆጣቸው ሌላ ነው። በዩኒየኑ ኢሜይል፣ በሐምሌ ወር፣ ከሸነን ወጥቷል፤ ለእሳቸው ቅጂው አልደረሳቸውም።

ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ አስመጡ። እንደሚመጣ ለንሳ የሰማችው በዋዜማው፣ ከሂሳብ ክፍል ወሬ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣላት ጠብቃ ያቺን መስመር ከማጣሪያው ላይ ሰረዘቻት። ትእዛዙ የተሰጠበትን ምልክትም ከሎጉ አጠፋች። ሥራዋን ታውቀዋለች፤ አንድም ነገር አልረሳችም። ያን ስታደርግ ራሴን ላድን ብላ እንጂ ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል ብላ አላሰበችም። ወይም እንዳታስብ ቸኮለች።

ባለሙያው ወጣትና ጨዋ ልጅ ነበር። ግማሽ ቀን ሠርቶ፣ የአቶ ጉርሙ ቢሮ ውስጥ ኦቦ ሆርዶፋና ለንሳ ባሉበት ያየውን ተናገረ።

«አሁን ደህና እየሠራ ነው። ሐምሌ ላይ ግን ችግር እንደነበረ ያሳያል፤ ምን እንደተደረገ በሎጉ ላይ የተሟላ ነገር አላገኘሁም። የጎደለ ነገር አለ።»

አቶ ጉርሙ ወደ ለንሳ ዞሩ። «ሐምሌ ላይ ምን ነበር?»

«ሁለት ሞጁሎች ተጋጭተው ነበር፣ አቶ ጉርሙ፣» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስገረማት፤ ረጋ ያለ ነበር።

«የትኞቹ?»

«ማጣሪያውና... ቅጂ የሚልከው።»

«ቅጂ የሚልከውን የጫነው ማነው?»

ይህ ጥያቄ መልሱ በፋይሉ አናት ላይ ተጽፎ የሚገኝ፣ አቶ ጉርሙም ራሳቸው የሚያውቁት ነገር ነበር። እንዲነገር ብቻ ነው የፈለጉት።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣» አለች።

ከተናገረችው ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም። ኦቦ ሆርዶፋ ቀና ብለው አዩዋት፤ አንዴ ብቻ፣ ሳይቆጡ፣ ስትሳሳት እንደሚያዩዋት ዓይነት አስተያየት። ሎጉ ለምን እንደጎደለ፣ የማን እጅ እንደገባበት የተረዱት ያን ጊዜ ነው፤ ለንሳ ፊታቸው ላይ አየችው። አሁን ይናገራሉ ብላ ጠበቀች።

«እኔ ነኝ የጫንሁት፣» አሉ ለአቶ ጉርሙ። «በደንብ አልጫንሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጥፋት ነው ወይስ ሆን ብለህ?» አሉ አቶ ጉርሙ፤ አንቱታውን ትተው። «ከሸነኑ ልጅ ጋር አንድ ጸሎት ቤት ነው የምትሄዱት አሉ።»

ለንሳ ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር። የተከፈተ አፏን ባለሙያው አየውና የምትጨምረው ነገር እንዳለ ጠየቃት። የለኝም አለች።

የዓብዲሳ ኮንትራት በመስከረም አልታደሰም። ዕቃውን ጭኖ ወደ ነቀምት አቅጣጫ ሄደ ተባለ እንጂ ከዚያ በኋላ ወሬውን የሰማ የለም። ኦቦ ሆርዶፋ ጎጆ ቅርንጫፍ የመጋዘን ጠባቂ ሆነው ተዛወሩ። ደብዳቤው «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። ለንሳ ተጠባባቂ የክፍል ኃላፊ ሆና ተሾመች። ሹመቱን የሰጧት ቀን አቶ ጉርሙ ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«ያ ነገር አሁን በደንብ ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል።»

«ሁሉም ይመጣልኛል?»

«ሁሉም ይመጣል።»

እውነት ነበር። መስመሩን ከሰረዘችው ወዲህ ከእንግዳው የሚያመልጥ አንድም መልእክት የለም። ሞጁሎቹ እሷ ባበጀችላቸው በር ተራቸውን ጠብቀው ያስተላልፋሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ላውርደው ብላ ተነስታ ታውቃለች። ተመልሳ ትቀመጣለች። ደብሪቱ ከባኮ ስለ ሠርጓ ረጅም ደብዳቤ ስትጽፍላት ለንሳ በአጭሩ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ መለሰች። ደብሪቱ ተቀይማ መጻፍ ተወች። ለምን በአጭሩ እንደመለሰች ልትነግራት ስልክ ደውላ፣ ገና ሳይነሳ ዘጋችው።

በጥቅምት አንድ እሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ የኦቦ ሆርዶፋ ባለቤት አዴ ባየሽ በጸሎት ቤቱ በር ላይ ጠበቋት።

«ለንሲ፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጎጆ ይሄዳል አሉ ነገ። አንቺም ትሄጂያለሽ?»

«አዎ፣ አዴ፤ ኮምፒውተራቸውን ላየው።»

አንድ ፌስታል ዘረጉላት። ወፍራም ሹራብና የጉልበት ቅባት ነበር። «ብርዱ ጉልበቱን ጨርሶታል። ለኛ አይነግረንም፤ ደህና ነኝ ነው የሚለው። አንቺን ግን ልጁ ነሽና አይደብቅሽም። እስቲ በደንብ አይተሽው ንገሪኝ።» እጇን ይዘው ቆዩ። «ማን እንዳጠመደው አላወቅንም። እግዜር ይይለት።»

ለንሳ ፌስታሉን ተቀበለች።

ጎጆ ሲደርሱ ጉም ወርዶ ነበር። መጋዘኑ ከቅርንጫፉ ቢሮ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ውስጡ ድንችና ገብስ ይሸታል። ኦቦ ሆርዶፋን በጃኬታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ በተደረደሩ ጆንያዎች መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከስተዋል። ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ለመነሳት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው።

«እንዴት ዋሉ፣ ወይዘሪት ለንሳ?» አሉ። «ይቀመጡ።»

ለንሳ መጀመሪያ ከኋላዋ ሌላ ሰው የገባ መሰላት። አንቱታው ለእሷ መሆኑ ሲገባት አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ፌስታሉን አቀበለቻቸው። ከባለቤታቸው እንደሆነ ነገረቻቸው። ሹራቡን አውጥተው አዩና ሳይለብሱት አጠፉት።

ከውጭ በግ ይጮኻል።

«የእንግዳውን በር ስንት ላይ አደረጉት?» አሉ በመጨረሻ።

ቁጥሩን ነገረቻቸው።

«ከማጣሪያው በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ። በፊት ከሆነ ቆሻሻው ሁሉ እየተቀዳ ዲስኩን ይሞላዋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው። እኔ አላሰብሁትም ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ?»

«ቅደም ተከተል ሰጥቼዋለሁ። ማጣሪያው ሳይነሳ እሱ አይነሳም።»

«ጥሩ ሥራ ነው፣» አሉ። የምር ነው ያሉት፤ የባለሙያ አድናቆት ነበር። ለንሳ ቢሰድቧት በወደደች።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣ ያን ቀን እኔ...»

«ተዉት።»

«እኔ ዓብዲሳን ብዬ ነው። መስመሩን የጨመርሁት ለሱ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ያን ጊዜውኑ ነው የገባኝ። መስመሩን መጨመርዎ ደግ ነበር፤ እኔ ያላደረግሁትን ነው ያደረጉት። ስለ እሱ አልተከፋሁም።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ስሜን ጠሩ። የጫነው ማነው ሲሉዎት እኔው አፌን እስክከፍት እንኳ አልጠበቁኝም። እኔ ራሴ እናገረው ነበር። ለምን ቸኮሉ?»

ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ቃሉ ለዚህ የሚበቃ አልመስል አላት። ስሜን ለአቶ ጉርሙ ልናገር፣ ነገ ሄጄ እውነቱን ልናገር ልትላቸው አሰበች። ብትል እንደማታደርገው አወቀች። እሳቸውም የሚያውቁ መሰላት፤ አልጠየቋትም።

«ባየሽን ደህና ነው በሏት፣» አሉ። «ጉሙ ሳይጠነክር ይውጡ፤ መንገዱ አስቸጋሪ ነው።»

ኮምፒውተሩን ሳታየው ነው የተመለሰችው። ሾፌሩ ኦሊቃ ላንድክሩዘሯን እያሞቀ ጠበቃት። ከከተማው ወጥተው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ በግራ በቀኝ የሚታየው ጉም ብቻ ነበር፤ ኦሊቃ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የመንገዱን ጠርዝ እየፈለገ ይነዳል። ለንሳ አላለቀሰችም። ልቅሶ ቢመጣላት ደግ ነበር።

«እኚያ ሰውዬ ጥሩ ሰው ናቸው ይላሉ፣» አለ ኦሊቃ። አዲስ ሠራተኛ ነበር፤ ታሪኩን አልሰማም። «በዚህ ዕድሜያቸው ምን አጥፍተው ነው እዚህ ብርድ ውስጥ የጣሏቸው?»

ለንሳ በመስኮቱ ወደ ጉሙ አየች።

«እኔ እንጃ፣» አለች። «ብዙም አላውቃቸውም።»